ከጎን የሚመጣ ዝናብ

ሽማግሌው ግንበኛ አንድ ጣሳ ሬንጅ አንጠልጥለው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሲወጡ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ የሕንፃ ሥራ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ እምብዛም አይገናኙም ነበር።

«አጎቴ፣ ሬንጁ ለምንድን ነው?»

«ለጣሪያው ነዋ። የጓዳው መኝታ ቤት አሁንም ያፈሳል። ባለቤቴም ሳሉ ስለጠናባት ሳሎን ነው የምትተኛው።»

«ጣሪያውን አምና አልቀየሩትም እንዴ?»

«ቀይሬው ነበር። የዛሬ ቆርቆሮ ምን እምነት አለው ብለሽ ነው።»

ልጅቱ ጣሳውን ተቀብላ አብራቸው ሄደች። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ግድግዳው ሻግቶ ጠቁሯል፤ ልስኑም እንደ ቅርፊት ተነሥቷል። ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች።

«ኮርኒሱ ደረቅ ነው፤ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ውሃው የሚገባው በግድግዳው ይመስለኛል።»

ያን ግድግዳ የገነቡት ራሳቸው ነበሩና ንግግሯን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ይህ ግድግዳ ስንቱን ክረምት አሳልፏል። ደግሞስ ዝናብ ከላይ ወደ ታች አይደለም እንዴ የሚወርደው?»

«የእጅዎን ሥራ መንቀፌ አይደለም አጎቴ። ያኔ ለነበረው ዝናብ በቂ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲዘንብ ግን ጃንጥላዎ ምን ጠቀመዎት?»

ሽማግሌው ያን ቀን አስታወሱ። ጃንጥላው ተገልብጦባቸው ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው ነበር የገቡት።

«አየሩ በሞቀ ቁጥር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ሲያወርደውም በኃይል ነው። ነፋስ ከገፋው ደግሞ ዝናቡ ጋደም ብሎ ግድግዳውን ይመታል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትበቃዋለች።»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው።»

«እንግዲያው እንሞክረው።»

እሷ ደጅ ወጥታ በጎማ ውሃ ከመስኮቱ ዙሪያ ግድግዳውን ብቻ ታጥብ ጀመር፤ ጣሪያውን አልነካችም። እሳቸው ውስጥ ሆነው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ጥቂት እንደ ቆዩ ከመስኮቱ ማዕዘን ቀዝቃዛ ውሃ ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ።

«ዝጊው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

በክርክር የተረታ ሰው ቂም ይይዛል፤ በገዛ እጁ የዳሰሰ ግን ማንን ይቀየማል?

«በዘይት ቀለም ብሸፍነውስ?» ሲሉ ጠየቁ፣ ድምፃቸው ለዝቦ።

«ቀለሙ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እርጥበት ያፍነዋል። መጀመሪያ ግድግዳው ይድረቅ። ከዚያ ስንጥቁ ይደፈን፤ የመስኮቱ ደፍ ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ዘንበል ይበል፤ የጣሪያውም ክፈፍ ረዘም ብሎ ግድግዳውን ይከልለው።»

ሥራውን ለሌላ አልሰጡም። እሷ እየለካች፣ እሳቸው እየለሰኑ ጨረሱት።

ክረምቱ ሲበረታ ግድግዳው አልረጠበም። ሻጋታው ሲጠፋ የባለቤታቸው ሳል ቀለለላት፤ ወደ መኝታ ቤቷም ተመለሰች። በየዓመቱ ጣሪያ መጠገንና መለሰን ቀረ። ለካስ ቤት የሚጠበቀው ከላይ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎን ነው።

ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም። ቀድሞ ለሰው የገነቧቸውን ቤቶች እየዞሩ፣ ነፋስ የሚመታውን ግድግዳ ማየት ያዙ። አንደኛው ጎረቤት በሩን ከፍቶ ሰማቸውና፣

«አባባ፣ የእኔ ቤት እኮ ገና አላፈሰሰም» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «ዛሬ የመጣሁት ለዚያ ነው።»