ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው ማሽን

ይህን የሚጽፈው የኔ እጅ አይደለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አፍሬበትም አላውቅም። ብዕሩን የያዘችው እኔው ራሴ «ምላጭ» ብዬ ስም ያወጣሁላት መሐንዲስ ናት። ማሽን ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ነገ በጡረታ ስንብቴ ላይ የምለውን ዛሬ እነግራታለሁ፣ እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። «አባባ፣ ንግግርዎን እኔ ልጻፍልዎት» ያለችኝ እሷው ናት። እሺ ያልኩበትን ምክንያት ግን ገና አላወቀችም። ጻፊ ልጄ፣ ቀና አትበዪ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ሁሉ ወንበር ስለደረደራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለአንድ ማሽን ጠባቂ ይህን ያህል ሰው ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል ብዬ አላሰብኩም። ወይስ ከሥራ የሚያስመልጥ ነገር ስለተገኘ ነው?

እዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። የመጣሁት ሳጥን ተሸካሚ ሆኜ ነበር። አራቱንም ዓይነት የኮምፒውተር ማሽኖች በዚህ ደረጃ በጀርባዬ ያወረድኩ እኔ ነኝ። ጠዋት አበራቸዋለሁ፣ አቧራቸውን እነፋለሁ፣ ማራገቢያቸው ሲያረጅ እቀይራለሁ። ከሁሉም የሚያስቸግረውን «ሽማግሌው» አልኩት፤ እናንተም ለምዳችሁ ደንበኛ ፊት ሳይቀር ሽማግሌው ትሉታላችሁ።

ያልተማረ ሰው የናንተ ሥራ እንዴት ይገባዋል የምትሉ ካላችሁ፣ ስሙኝ። ዲበገር የምትሉት ፕሮግራም ዘበኛ ነው። ሌላው ፕሮግራም ሲሮጥ «ቁም!» ይለዋል። ኪሱን ይፈትሻል፣ ስህተቱን ያያል፣ «በል ሂድ» ብሎ ይለቀዋል። አልተሳሳትኩም መቼም? ችግሩ ምን ነበር፣ ማሽኑ አራት ዓይነት ስለሆነ ያ «ቁም» የሚለው ነገር አራት ቦታ ተጽፏል፤ ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ትረሳላችሁ። «አንተ ነህ የረሳኸው!» «አይ አንቺ ነሽ!» ስትባባሉ ስንት ዓመት ሰማሁ።

ይቺ ልጅ መጣችና አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። «አባባ፣ ይሄ እኮ አንዱ ነገር አራት ቦታ የተገለበጠ ነው» አለችኝ። አንድ የጋራ ጻፈችና የሦስቱን ማሽኖች ቅጂ ላጨችው። ምላጭ ያልኳት ያኔ ነው። ሦስት ሺህ የኮድ መስመር ጠፋ ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ከመቀመጫችሁ ተነስታችሁ አጨበጨባችሁላት።

እኔ ካርቶን ታቅፌ በር ላይ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር? ቀናሁ። የሠራ ሰው ሲጨበጨብለት አይቻለሁ፤ ያጠፋ ሰው ሲጨበጨብለት ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ማሽን አልሞተብኝም፤ ማን አጨበጨበልኝ? ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ብነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ በልጅ ልጅህ እኩያ ትቀናለህ?» አለችኝ።

«አዎ እቀናለሁ፤ ምን ይጠበስ?» አልኳት።

የሽማግሌው ብቻ ቀርቶ ነበር። በሳምንቱ ወደኔ ወረደች።

«አባባ፣ የሽማግሌው ኮድ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ማሽኑን ‹ቆመሃል?› ብሎ ይጠይቀዋል፤ ‹አዎ› ሲለው እንደገና ‹ቆመሃል?› ይለዋል። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።»

ጻፊ፣ አትቁሚ።

የሚያውቅ ሰው ነበረ። ፊቷ ቆሞ ነበር።

ያቺን ሁለተኛ ጥያቄ የጻፋት አንድ ባለ መነጽር መሐንዲስ ነው፤ ሥራ ከለቀቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያኔ ዲበገሩ ሽማግሌው ላይ ሲሆን ያልሆነ ቁጥር ያወጣ ነበር። ሰውዬው ሦስት ቀን ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ አቧራ እየጠረግኩ፣ «ስማ» አልኩት፣ «ይሄ ማሽን ‹ቆሜያለሁ› ካለህ በኋላ ሆዱ ውስጥ ገና ይንጫጫል። እኔም ባለቤቴ ስትጠራኝ ‹መጣሁ› እላለሁ፣ ከወንበሬ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ደግመህ ጥራው» አልኩት። ደግሞ ጠየቀው። ሁለተኛ ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። ሰውዬው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንተ ባትማርም ጆሮህ ተምሯል» አለኝ።

በዚህ ቤት ሥራ ውስጥ የኔ የሆነ ነገር ቢኖር ያቺ ብቻ ናት። ስሜ የለባትም። ለምን እንደተጻፈች እንኳ የሚናገር አንድ ቃል አጠገቧ አልተጻፈም።

ታዲያ ስትጠይቀኝ ምን አልኳት? «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ።»

አለመማሬን ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ኖሬያለሁ እንጂ ተደብቄበት አላውቅም። ያን ቀን ተደበቅኩበት። ጭብጨባችሁ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። «ተምረሽ የለ? ራስሽ ድረሺበት» አልኩ በሆዴ። «አመሰግናለሁ አባባ» ብላኝ ወጣች። ሁለተኛዋን ጥያቄ ላጨቻት።

የተከተለውን ታውቃላችሁ። ሽማግሌውን የመሰለ ማሽን ያላቸው ደንበኞቻችን፣ የውኃ ማከፋፈያዎቹ ሰዎች፣ የሌለ ስህተት ሲያሳድዱ ዘጠኝ ቀን ከረሙ። ዘበኛው ገና እየሮጠ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ እጁን ይከት ነበራ! ዘጠኙን ቀን ይቺ ልጅ በየጠዋቱ እዚህ እየወረደች ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ ትላለች። የሚያበራላት ማን ነው? እኔ። ወንበር እንኳ አላቀረብኩላትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ምሳዬ አልወርድልህ አለኝ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

በአሥረኛው ቀን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ «ሁሉም እንደነበረ ይመለስ» አሉ። አራቱም ቅጂ ተመለሰ። ለሷ ታስቦ የነበረው የቡድን መሪነት «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ተብሎ ሥራዋን ለሚፈትሸው ባልደረባዋ፣ ለፈታሹ፣ ሊሰጥ ነው። ደብዳቤው ሰኞ ይወጣል። ፈታሹ ራሱ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ «ጋሼ፣ ያቺን የመሰለች ጠንቃቃ ልጅ ምን ነካት?» ብሎኝ ነበር። ምን እንደነካት አውቅ ነበር። «እንጃ» ብዬው ወረድኩ።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በሰው ፊት እናገራለሁ። ጥንቃቄ አልጎደላትም። ጠይቃለች። አዋቂውን ጠይቃ አዋቂው ዋሽቷታል። ሥራዋ ልክ ነው፤ ያ አራት ቦታ የተገለበጠ ነገር ይውጣ። ያቺ የሽማግሌው ጥያቄ ብቻ ትቆይ፤ ለምን እንዳለችም አጠገቧ ይጻፍ፣ የሚቀጥለው ሰው የአንድ ቀናተኛን አፍ እንዳይጠብቅ። የሰኞውን ደብዳቤ ቅደዱት። ለኔ ያዘጋጃችሁትን የምስጋና ወረቀት ከዚህ በኋላ ብትከለክሉኝ ቅር አይለኝም። ዋሸሁ፣ ቅር ይለኛል። ግን አልለምንም።

ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብትሉኝ፣ አለቀቀኝም። ነገ ጠዋት ይህን በር ከፍታችሁ ስለምትገቡ ሁላችሁም ላይ እቀናለሁ። ሽማግሌውን የሚያበራው ሌላ እጅ ነው፤ በዚያ እጅ ደግሞ ገና ሳላየው ቀንቼበታለሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ተፈጠርኩ።

ቢሆንም ልመርቃችሁ። የምትጠይቁት አዋቂ አይዋሻችሁ። የሠራችሁትን የሚያስታውስ ሰው አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ ከናንተ በልጠው ሲመጡ ሆዳችሁ ይስፋላችሁ። ሥራችሁን ፈጣሪ ያቃናላችሁ፤ ጤናውን አያሳጣችሁ።

ንግግሩ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ያለው የኔና ያንቺ ነው።

ምነው ቀና አልሽ? ተይ፣ ምንም አትበዪኝ። ብትቆጪም ይቅር ብትዪኝም ዛሬ አይሁን። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ አሁን ይቅር ካልሺኝ ነገሩ እዚሁ በሁለታችን ያለቀ ይመስለኝና ነገ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። መልስሽን ከተናገርኩ በኋላ እሰማለሁ። አሁን ከላይ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።