ጫማውን አስወልቄ ኪሱን የረሳሁት

በደርግ ጊዜ ጎባ በጽዳት ስሠራ ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር መጣ። አቧራ እንዳይነካው ተብሎ እንደ መስጊድ ጫማ የሚወለቅበት ክፍል ተሰጠው፤ በሩ ላይ ቆሜ ጫማ የማስወልቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በውስጡ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ተመሰቃቀለ። አለቃችን፣ "ጓዲት ዘይነባ፣ በመጥረጊያሽ አቧራ አስገብተሽ ገደልሽው! ከሥራ ትሰናበቻለሽ!" ብለው ጮኹብኝ። አላህ ያውቃል ብዬ መጥረጊያዬን አስቀመጥኩ።

ከአዲስ አበባ የተጠራው ባለሙያ ጫማውን አውልቆ ገባና ሲነካካ ቆየ። "እናቴ፣ ይኼ ከአቧራ አይመጣም። ተንኮለኛ ሰው የሠራው ፕሮግራም ነው፤ ከሌላ ኮምፒዩተር በመጣ ዲስኬት፣ ኪስ ውስጥ በምትገባ ጠፍጣፋ የጽሑፍ መያዣ፣ ተደብቆ ይገባል። ከውጭ ዲስኬት ይዞ የገባ ሰው አይተዋል?" አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አለቃችን የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ሸፈኑ። ባለሙያው ከኪሳቸው የወጣውን ዲስኬት ተቀብሎ ሲያየው፣ ውስጡ ያለው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ነው።

"ለውይይት ክበብ ብዬ ነው" አሉ አለቃችን፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ስለ ስንብቴ ያነሳ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ። በማግስቱ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ፣ "ጫማው ይቆይ ጓድ፤ ኪስዎን ያሳዩኝ" አልኳቸው። ኬላ ላይ እንደቆመ መንገደኛ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።