ሙሾ የገጠመው ስልክ

ከሹም አቦ ወደ ሐይቁ ዳር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠችውን አልቃሽ በድምጿ አወቅኋት። እሷ ወደ ሰፈራችን ከመጣች ወዲህ እኔን ለሙሾ የጠራኝ የለም። አላየችኝም፤ አጠገቧ ላለች ወጣት ታወራለች።

«በቀደም ለቅሶ ላይ የሟቿ ልጅ ስለ እናቱ ለስልኩ ነገረው፤ ስልኩ ሙሾ ገጠመለት።»

«ስልክ ሙሾ ይገጥማል እንዴ፣ እትዬ?»

«የአሁኑ ይገጥማል። ልጁም ድንኳኑ መሀል ቆሞ አነበበው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ነጠላዬን አደግድጌ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ሰው አለቀሰ?»

«ከአንበሳሜ የመጡት ዘመዶች ሳይቀሩ ደረታቸውን መቱ። ለእኔ እንዲያ ተመትቶ አያውቅም።»

«ይተዉት፣ ማሽን ምን ሐዘን ያውቃል?»

«እኔስ ብሆን ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሳስለቅስ አይደል የኖርሁት?»

ወጣቷ ሳቋን ዋጠች።

«ለሰልስቱም እንዲያነብ ልጁን ለመኑት። እኔን ጓዳ ገብተሽ ሽንኩርት ክተፊ አሉኝ።»

«እርስዎ ግን በስልኩ ሙሾ አላለቀሱም አይደል?»

«አለቀስሁ እንጂ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

መውረጃዬ ቢደርስም «ወራጅ አለ» ሳልል ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ቀጣዩን ቃሏን ጠበቅሁ።