ሰባት ቤት ያልሞላ ሠርግ

— ሄሎ... በተወለደች በአራት ዓመቷ፣ ባደረባት ወረቀት የመዋጥ ሕመም በደብረ ታቦርም በባሕር ዳርም ስትረዳ ቆይታ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ከመካከላችን የተለየችው የኮፒ ማሽናችን የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ወዳጅ ዘመዶቿ በተገኙበት ከሱቁ ጀርባ የሚፈጸም መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ዋልልኝ ጽሕፈትና ሕትመት ነው፣ ማን ልበል?

— ... ውይ። ጋሼ ደሳለኝ። ይቅርታ፣ ቁጥሩን ሳላይ ነው ያነሣሁት። እንዴት ዋሉ?

— አይ፣ ሰው አልሞተም። ማሽን ነው... አዎ ጋሼ፣ በሞት አይቀለድም። ግን እኔ እንጀራዬ ነው፣ የሟች የሕይወት ታሪክ እየጻፍሁ አይዶል የምኖረው? አንቱም እኮ ባለፈው ሰው ፊት "የእኅቴ ልጅ ዲግሪ ይዞ ሬሳ ያሞግሳል" ብለዋል። ሰምቻለሁ። አልተቀየምሁም።

— አንድ ጊዜ ይቆዩኝ... መክሊት፣ አባትሽ ናቸው። አትነሺ፣ ተቀመጪ። የጥሪ ካርድሽን ናሙና እያየሽ ቆዪ፣ እዚያ ጠረጴዛው ላይ ነው... አይ፣ እዚህ እንዳለሽ አያውቁም፣ ስልኩን በእጄ ከድኜዋለሁ... አለሁ ጋሼ።

— ደንበኛ ናት። የሠርግ ካርድ የምታሳትም።

— አዎ፣ ዘንድሮ ሠርግ በዝቷል።

— ሄሎ? ይሰማዎታል? ከሐሙሲት ነው የሚደውሉት?... ይቆራረጣል። ከመጋዘኑ ወጣ ይበሉ እስቲ... አሁን ጥሩ ነው።

— ደረሰዎት? ትናንት በቴሌግራም የላክሁልዎት የዘር ቆጠራ ማለቴ ነው... ለቄሱ ገና አልሰጠሁም። አንቱ ይዩት ብዬ።

— እንዴ፣ ማን አዘዘህ ይሉኛል? አንቱ አይዶሉም ያዘዙኝ? "የንስሐ አባታችን የመክሊትና የአማኑኤል ዘር እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ተክሊል አላደርስም አሉ፣ አንተ ተማርሁ ትላለህ፣ ቁጠር" አሉኝ። ቆጠርሁ። ድሮ ቢሆን ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው በአንድ ከሰዓት በቃላቸው ይጨርሱት ነበር። ዛሬ ቆጣሪዎቹ ሞተው የቀረን ቀብራቸው ላይ የተነበበው ወረቀት ነው። እሱን ከይፋግ እስከ ሐሙሲት ለቀምሁ። ከሰው ሣጥን፣ ከዳዊት ውስጥ... የአንዱን ወረቀት እንዲያውም ማር ተከድኖበት አገኘሁት። "እንግዳ ተቀባይ" የሚለው ላይ ንብ ሞታለች።

— እሱ ልክ ነው። የቀብር ወረቀት አይታመንም። እኔ ጸሐፊው ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው። በዚህ አገር እኔ እስከማውቀው ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም የተጣላ አስታራቂ። የሚያጣላው ሰውዬ ብቻ ነው መሰለኝ እስከ ዛሬ ያልሞተ። ግን ጋሼ፣ አንድ የማይዋሽ ነገር አለው፣ የሞቱበት ቀን። ቀኑን ቀባሪው ሁሉ ስለሚያውቀው አይዋሹበትም።

— እሽ፣ ወደ ነገሩ ልምጣ። የአማኑኤል የአባቱ ወገን እብናት ነው፣ ከኛ ጋር የትም አይገናኝም። የእናቱ ወገን ግን... አዎ። እናቱ ሠናይት። የሠናይት እናት ደግሞ አማረች... አዎ፣ አማረች። ይፋግ፣ አያቴ ግራዝማች ቤት ያደገችው፣ የገረዲቱ የእቴነሽ ልጅ። አንቱ ልጁን ሲቀበሉ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አላወቁም?... ይገባኛል። ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው፣ የእናቱን እናት ማን ይጠይቃል።

— አዎ ጋሼ። ያነበቡት ትክክል ነው። "የአማረች አባት" በሚለው ላይ ግራዝማች ፋንታው ብዬ ጽፌአለሁ። አባትዎን... የመክሊት አያት፣ የአማኑኤል ቅድመ አያት። በሷ በኩል ሁለት ቤት፣ በሱ በኩል ሦስት። ሰባት የት፣ ይኸ የት።

— አንዴ ይታገሱኝ... መክሊት። መክሊት፣ ተቀመጪ... የሰማሽው ነው። አዎ፣ ስለ አንቺና ስለ አማኑኤል ነው... አይ፣ ገና አልጨረሱም። ተቀመጪ... አለሁ ጋሼ። ደንበኛዋ ናት፣ ካርዱ አላማራትም።

— ማስረጃ? ልንገርዎት። መጀመሪያ የአያቴ የቀብር ወረቀት፣ መሪጌታ ገብረየሱስ የጻፉት፣ "የስድስት ልጆች አባት" ይልና አምስት ስም ይዘረዝራል... ቁጥር ተሳስተው ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ አልፌው ነበር። ቀጥዬ ቀበሌ ሄጄ የአማረችን የሞት ምዝገባ አየሁ። "አማረች ውቤ" ይላል። ውቤ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ የእናቷ የእቴነሽ አባት ነው አሉኝ። በእናቷ አባት ተጠርታለች። የቀብሯ ወረቀት ደግሞ "በሕፃንነታቸው አባታቸውን በሞት አጡ" ይላል። እሽ፣ ሞተ። የሞተ ሰው ስም ከልጁ ላይ ይነሣል እንዴ ጋሼ? አባቷ ሲሞት ስሙንም ይዞት ሄደ?

— እቴነሽማ ምን ወረቀት አላት። ገረድ ስትሞት የሕይወት ታሪክ አይነበብም፣ አፈር ብቻ ነው የሚመለሰው።

— ይስሙኝ፣ አልጨረስሁም። ከዚያ ይፋግ ወረድሁና የአጥቢያውን ቄስ አገኘሁ። አማረችን ሳነሣላቸው ፊታቸው በራ። በየዓመቱ ኅዳር ስምንት፣ በአርባዕቱ እንስሳ፣ ጧፍ ይዛ ትመጣና "አባቴን ወልደ ገብርኤልን በጸሎት አስቡልኝ" ትላቸው ነበር። ወልደ ገብርኤል ማን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ለጸሎት የክርስትና ስም ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን መቼም ሟችን በዓለም ስሙ አታውቀውም። ግራዝማችም ይሁን ፋንታውም ይሁን እዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ነው።

— የአያቴ የክርስትና ስም ማን ነበር ጋሼ?

— ... አዎ፣ ወልደ ገብርኤል በየአጥቢያው ሞልቷል። እሽ፣ አያቴ የሞቱት መቼ ነው? ወረቀቱ ላይ አለ... ኅዳር ስምንት። እንግዲህ ኅዳር ስምንት የሞተ፣ አማረች ያደገችበት ቤት ጌታ የሆነ ወልደ ገብርኤል ስንት ያውቃሉ?

— ... ሄሎ? ጋሼ? ተቋረጠ መሰለኝ። ሄሎ... "አለህ?" ይሉኛል? እኔማ አለሁ።

— አያቴ ሲቀበሩ እኔ ገና ታዝዬ ነበር፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። አማረች ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከሬሳው ኋላ ኋላ ሄደች። እንደ ልጅ ነው ያዘነችው። ስታለቅስ ግን "ጋሼ፣ ጋሼ" ነበር የምትለው። እናንተ አምስታችሁ "አባዬ" እያላችሁ፣ እሷ ከኋላ "ጋሼ"። ለቀስተኛው "ምን ያለች ታማኝ ሠራተኛ" ብሎ ተገረመ አሉ። ጥቁሩን ዓመት ሙሉ አላወለቀችም። አንቱ በአርባው አወለቁ።

— ምን አሉኝ? ይድገሙልኝ እስቲ... "ተስማምታ ነበር"? ከማን ጋር ነው የተስማማችው?

— ከእናትዎ ጋር። "ሁለተኛ አባዬ ብለሽ እንዳትጠሪው፣ በቤቱ ትኖሪያለሽ" ብለዋት... እና እሷ እሽ አለች። በስንት ዓመቷ?... ሰባት። ከሰባት ዓመት ሕፃን ጋር የተዋዋልን ሰዎች መሆናችንን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ይኸ በየትኛውም ወረቀት ላይ አላገኘሁትም።

— "ሁሉም ያውቅ ነበር" ካሉኝ አንቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው... ሠናይት? እሷ አታውቅም። እናቷ ቃሏን ጠብቃ ነው የሞተችው። ከናንተ ወገን ግን ማንም የጠበቀ የለም፣ እናቴ እንኳ ወረቀቶቹን ይዤ ስጠይቃት ወጥ እያማሰለች ነው የነገረችኝ።

— አንዴ ይቆዩኝ... እንኪ መክሊት፣ መሐረብ። ሶፍት የለኝም... ምንም አይዶል ጋሼ፣ ደንበኛዋን ነው። ጉንፋን ይዟታል።

— እሽ። እና ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?... ሠርጉማ አይሆንም። በሱ አንጣላም፣ ዘመድና ዘመድ አይጋባም።

— ... ቆይ፣ ልድገመውና በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ይንገሩኝ። ግራዝማችን ልፍቅና "የአማረች አባት አይታወቅም" ብዬ ልጻፍ። ያን ይዘው ቄሱ ዘንድ ይሄዳሉ። ከዚያ የአማኑኤልን ሽማግሌዎች ጠርተው "ዘሩ ካልታወቀ ቤት ልጅ አንሰጥም" ብለው ይመልሷቸዋል። ሠርጉም ቀረ፣ ግራዝማችም እንደተከበሩ ቀሩ... ጥሩ አስበዋል። የሟች ታሪክ መጻፍ ያለብዎት አንቱ ነበሩ።

— አልሰደብሁዎትም። ግን ልጁ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አስበውታል? ዘሩ የማይታወቅ ተብሎ። የሚለው ደግሞ ማን ነው? የአያቱ ወንድም... ምነው፣ አይዶሉም? አማረችን ቆማ ሳለች አባት ከለከላችኋት። አሁን ደግሞ ከሞተች በኋላ፣ አባት የላትም ተብሎ የልጅ ልጇ ከደጃችሁ ይባረር?

— የቀብሯን ዕለትማ ነበርሁ። ካፖርትዎን ለብሰው፣ መነጽርዎን አድርገው የሕይወት ታሪኳን ያነበቡት አንቱ ነዎት። "በሕፃንነታቸው አባታቸውን በሞት አጥተው፣ በደጉ ግራዝማች ፋንታው ቤት እንደ ልጅ አደጉ" ሲሉ ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። ሠናይት እግርዎ ላይ ወድቃ ስታመሰግንዎት ቀና በይ አሏት። እኔ ሞኙ ደግሞ፣ ምን ዓይነት ደግ ዘር ነው ያለኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

— አዎ፣ የኔም አያት ናቸው። ይዋረዳሉ ካሉ አብሬ እዋረዳለሁ።

— መክሊትስ? እሷ ምን ልትባል ነው?

— ... ቀስ ብለው ይናገሩ፣ መስመሩ ይጮኽብኛል። "ምንም ማወቅ የለባትም"... እሽ... "የልጁ ዘር የማይረባ ነው እንላታለን"... እሽ... "ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሌላ ይመጣላታል።" እንደዚህ ነው ያሉት?... አይ፣ የደገምሁት ልክ መስማቴን ላረጋግጥ ብዬ ነው።

— ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ወረቀቱን ይተዉት፣ ቄሱንም ይተዉት። አሁን በዚህ ስልክ ለኔ ብቻ "አማረች እኅቴ ናት" ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ካሉኝ እኔ ራሴ ከአማኑኤል ጋር ቁጭ ብዬ፣ የማንንም ስም ሳላጎድፍ፣ ዘመዳሞች ናችሁ ብዬ እጨርሰዋለሁ።

— ... እጠብቃለሁ።

— ... ሦስት ቃል ናት እኮ።

— ... አይሉም። እሽ። አይሉም።

— እንግዲያው እኔም ወረቀቱን አልቀይርም... ያስጽፉ። ደብረ ታቦር ጸሐፊ ሞልቷል፣ ከጎኔ ራሱ ሁለት አሉ፣ የነሱ ማሽን አልሞተም። ግን ከእንግዲህ ወረቀቱ ምንም አይሠራልዎትም ጋሼ... ምክንያቱም ደንበኛዋ መክሊት ናት።

— ልጅዎት መክሊት። የራሷን የጥሪ ካርድ ልታይ መጥታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች... አይ፣ አንቱን አልሰማችም። የሰማችው እኔን ነው። እኔ የደገምሁትን ሁሉ።

— ... መሐረቤን ይዛ ግድግዳውን ታያለች።

— እሰጣታለሁ... አይ፣ እሰጣታለሁ። የቀረውን አንቱ ይንገሯት፣ እኔ በአንቱ ፋንታ አልናገርም... መክሊት፣ እንኪ። አባትሽ ናቸው።

— ... ምነው? ድምፅ የለም? አምጪው እስቲ... ሄሎ? ጋሼ? ሄሎ... ይሰሙኛል?

— ዘጉት።

— ... ወደ አማኑኤል? አሁን? እሽ፣ ባጃጅ ልጥራልሽ... አብሬሽ ልሂድ? እንዳልሽ።

— ... ምን? ለምን ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ እንዳልወጣሁ? ሆን ብዬ እንዳሰማሁሽ?

— አልናገርም።

— አልናገርም አልሁሽ፣ መክሊት።