ባሌ የታረቀባት ፔጆዬ

በእኛ ጊዜ ኢንሹራንስ እንዳንቺ ጊዜ በስልክ ተነካክቶ የሚገዛ አልነበረም፣ ልጄ። ደሴ ፒያሳ ሄደሽ፣ ተሰልፈሽ፣ እየተገላመጥሽ ነው የምትገዢው። ፔጆዋን የገዛናት የእናቴን አምባር ሸጬ ነው፤ እና አባቴ «በስሟ ካልሆነ ወላሂ አይሆንም» ስላለ ሊብሬውም ኢንሹራንሱም በእኔ ስም ሆነ። ባሌ ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ያመላልስባታል። የምንበላው ከሷ ነው፣ ሌላ የለንም።

ታዲያ ኢንሹራንስ ቤት አንድ ባለመነጽር ጸሐፊ አስረዳን። «ሦስተኛ ወገን የሚባለው እናንተ የገጫችሁትን ሰው ነው የሚክሰው። የራሳችሁ መኪና ብትሰበር ሳንቲም አታገኙበትም። ለሷም ካሰባችሁ ሙሉውን ግቡ» አለ። ሙሉውን ገባን። እና ደግሞ ጣቱን ቀስሮ፣ «ግጭት ሲደርስ ለትራፊክና ለኛ ንገሩ። እኛ ሳናውቅ ከገጫችሁ ሰው ጋር እንዳትታረቁ። እኛ ለናንተ ከፍለን ጥፋተኛውን እንጠይቃለን፤ እናንተ ከማራችሁት ማንን እንጠይቃለን?» አለ።

ሰይድ ከዚያ እስከ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ፣ እስከ ቤታችን ድረስ ሲስቅ መጣ። «ዘሃራ፣ ሰምተሻል? አትታረቁ አለ እኮ። አትታረቁ የሚለው ኢብሊስ ነው፤ ለካ ፒያሳ ቢሮ ከፍቷል» ይላል፣ ይስቃል።

እና ብዙም አልቆየ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መታጠፊያው ላይ አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር መስመሩን ለቆ መጥቶ ገጨው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ፤ የፔጆዋ ፊት ግን ጠፋ። የሚነዳው ማን ይመስልሻል? የቀበሌያችን ካድሬ። በየስብሰባው «ሽምግልና የአድኃሪያን ሥራ ነው» እያለ ሽማግሎቻችንን የሚያንጓጥጠው። በመንግሥት መኪና ከደጋን ገበያ ለራሱ ሙክት ጭኖ ሲመጣ ነው። ትራፊኩም ጥፋቱ የሱ ነው ብሎ ጻፈ።

ታዲያ በማግስቱ ካድሬው ማንን ላከ መሰለሽ? እነዚያኑ አድኃሪዎች። ሸህ ይመርን ከፊት አስቀድሞ። እኔ ኮምቦልቻ እህቴን አራስ ልጠይቅ ሄጃለሁ። «ሰይድ ልጄ፣ ለአላህ ብለህ አፉ በለው፣ ይቅር በለው» አሉት። የሰይድ ልብ እንደሆን ቅቤ ነው፤ አፉ አለው። ዱዓ ተደረገ፣ ሙክቱም ታርዶ ተበላ። እኔ ስመጣ አጥንቱ ቆየኝ።

«ፔጆዋስ?» አልኩት።

«ኢንሹራንሱ ይከፍል የለ? እኛን ምን ቸገረን» አለኝ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

ሄድን። ጸሐፊው ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ማራችሁታ? እንግዲያው አንከፍልም» አለ። ሰይድ መሬት መሬት ያያል። እኔ አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። የእናቴ አምባር በሙክት ተበላ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ነደደኝና ተነሣሁ።

«ደንበኛችሁ ማነው?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔን አፉ በይው ያለኝ ሰው አለ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «የለም» አለ።

«እንግዲያው እኔ አልታረቅሁም። ይኸንን ጻፍልኝ» አልኩት።

ካድሬው ይህን ሲሰማ ሽማግሎቹን ይዞ ራሱ መጣ። «እትዬ ዘሃራ፣ ባልሽ እኮ ታርቋል። ባል አፉ ካለ ሚስትም አፉ አለች ማለት ነው» ይለኛል። አየሽልኝ? ሴቶች ማኅበር መጥቶ «ሴት ከወንድ እኩል ናት» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው እኮ ነው።

«ጓድ፣ እኩል ነሽ ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ የኔን እኩሌታ ማን ታረቀልህ?» አልኩት።

ሸህ ይመር አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። «እውነቷን ነው፣ ባለንብረቷን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የኛ ነው» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ካድሬው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ኢንሹራንሶቹ ከፈሉ፤ አመላልሰው፣ አንገላተው፣ ግን ከፈሉ። ገንዘቡን ከካድሬው መሥሪያ ቤት ሲጠይቁ ደግሞ፣ የገዛ አለቆቹ በመንግሥት መኪና ሙክት የጫንከው ለየትኛው ሰፊ ሕዝብ ነው ብለው ያዙት።

ምን አልሽ? «አፉ ሳትይው ቀረሽ ወይ?» ነው የምትይኝ?

ምነው ልጄ፣ እስላም አይደለሁም እንዴ? ፔጆዋ ተጠግና ደጄ ላይ የቆመች ዕለት፣ ለአላህ ብዬ አፉ አልኩት። ሰይድ ያጠፋው ቅደም ተከተሉን ነው። እሱ ግን አላህ ይማረውና እስኪሞት ድረስ «ይኸን ያስተማረሽ ኢብሊስ ነው» ይለኝ ነበር፣ በዚያችው በፔጆዬ እየነዳኝ።