አፊያ ነው አሉ

ከደሴ ወደ ከሚሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት አጠገቧ ራጅ ታቅፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«የማን ራጅ ነው፣ አባ?»

«የልጄ። ጭንቅላቱን ተነስቶ ነው።»

«አላህ ያሽረው። ምን ተገኘበት?»

«ምንም። አፊያ ነው አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እኔ እሱን ማለት አቃተኝ፣ ልጄ። ሰው ገድሎ ነው የታሰረው። ሰንበቴ ገበያ አብረው ውለው፣ ምሳም አብረው በልተው፣ ሲመለሱ መንገድ ላይ አብሮ አደጉን ገደለው።»

«ያ ረቢ። ተጣልተው ነው?»

«አልተጣሉም።»

«ጫቱ ይሆን?»

«ቅሞ አያውቅም። ሸሁ ጂን የለበትም አሉ። ሐኪሞቹም አነጋገሩት፣ በመሣሪያም አዩት፣ ምንም የለም አሉ። እባካችሁ ደግማችሁ እዩት ብዬ ለመንኳቸው። በሽታ ቢገኝበት ለሟቹ እናት የምላት ነገር አገኝ ነበር።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ዛሬ ጠዋት ውጤቱን ልነግረው እስር ቤት ሄድኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ‹አባ፣ ለምን እንዳደረግኩት እነሱ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር› አለኝ።»

ከሚሴ እስክንገባ ድረስ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ቆየሁ።