በላሚቱ ጉሮሮ የገባው እጅ

ሱኒልዳ ጨርቁን ያስተዋለችው ዶን ፌርሚን ክንዳቸውን ከላሚቱ ጉሮሮ ካወጡ በኋላ ነው። በአውራ ጣታቸው ላይ ተጠቅልሎ የነበረው ቁራጭ ጨርቅ ተንሸራቶ አንጓቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በለሃጭ ርሷል። ከሥሩ የታየው ቁስል ትናንት ጠፍር ሲቆርጡ ቢላው ስቶ የቆረጣቸው ነው፤ አፉ ገና አልገጠመም።

"ምንም የለም" አሉ ዶን ፌርሚን፣ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ። "እስከ ክርኔ ገባሁ፤ አጥንት የሚባል የለም። ቀንዷን ልቀቂው አበልጄ፣ በቃ።"

ሱኒልዳ ቀንዱን አልለቀቀችም፤ ዓይኗ ቁስሉ ላይ ነበር።

በኢታ ኩዋ መንደር ላም መዋጥ አቅቷት ለሃጯ ሲዝረበረብ አጥንት ተሰንቅሮባታል ይባላል። ከብቶቹ በድርቅ ወራት ሜዳ ላይ የቀረ አጥንት ስለሚያኝኩ ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አጥንት በማውጣት ደግሞ ዶን ፌርሚንን የሚስተካከል የለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በተጠሩበት ሁሉ እየሄዱ፣ ያን ረጅም ክንዳቸውን እየሰደዱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ከሚዘፈዘፈው የቅጠል መጠጥ፣ ከአንድ ዋንጫ ቴሬሬ በቀር ምንም ሳይቀበሉ ኖረዋል። መንደሩ የሚያከብራቸውም ስለዚህ ነው።

ሱኒልዳ የመጣችው ከትምህርት ቤቱ ስብሰባ ነበር። ዶክተር ኒሚያ የተባለች የከብት በሽታና መርዝ የምታጠና ሐኪም ለወላጆች ስትናገር፣ እሷ ከፊት ተቀምጣ ሁሉን ጽፋለች። ከጻፈቻቸው አንዱ "ለሃጭ የምታዝረበርብ ላም አፍ ውስጥ እጅ አይገባም" የሚል ነው። ወረቀቱ አሁንም በቀሚሷ ኪስ አለ። ነገር ግን የልጇ የክርስትና አባት ከአጥር ማዶ ሆነው "አበልጄ፣ ነይ እስቲ ቀንዷን ያዢልኝ!" ብለው ሲጠሯት ቅርጫቷን አስቀምጣ ያዘች። ሽማግሌ ሲጠራ አቤት ማለትን የተማረችው ከእናቷ ጀርባ ሳትወርድ ነው፤ ያኛው ትምህርት ገና የአንድ ሰዓት ዕድሜ ነበረው።

ዝቅ ብላ ስታይ ከላሚቱ ጆሮ ሥር አንድ ቀጭን የደም መስመር ደርቋል።

"ዶን ፌርሚን፣ እጅዎን ይታጠቡ። አሁኑኑ፣ በሳሙና።"

"መታጠቡ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ቢላዬን ልሳል። የኋላ እግሯ ከትናንት ወዲያ ነው የከዳት፤ በራሷ ሳትሞት ማረድ አለብን። ለጎረቤት ሁሉ ልኬያለሁ። አንቺም ድስትሽን ይዘሽ ነይ፤ ለልጁ ጉበቱን አስቀርለታለሁ።"

"ደም የሚጠጣው የሌሊት ወፍ ነክሷታል! ይኸው ደሙ። ሐኪሟ የነገረችን የእብድ ውሻ በሽታ ይሆናል።"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። "ላሜን የውሻ በሽታ! ነገ ደግሞ ዶሮዬን የበቅሎ በሽታ ያዛት ትይኛለሽ።"

"አይሳቁ እባክዎ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ? አበልጄ፣ እወድሻለሁ፤ ግን ያንቺን ፍርሃት ተከትለን ብንሄድ እስከ ዛሬ ሁላችንም ተቀብረን ነበር። አምና የውሃ ጉድጓዱ ተመርዟል ብለሽ መንደሩን በጥም ፈጀሽው፤ የሞተ እንቁራሪት ተገኘ። ካቻምና ልጄ ሊሞት ነው ብለሽ አስጮኸሽን፤ ልጁ ያልበሰለ ማንጎ በልቶ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። አላልሽም?"

ብያለሁ፣ አለች በልቧ። ብዙ የሚፈራ ሰው ጉዳቱ ይህ ነው፤ እውነተኛው አደጋ በመጣ ቀን የሚያምነው ያጣል። ፊቷ ቀላ፤ ነገር ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ልክ ነዎት" አለች። "ስንት ጊዜ በከንቱ ፈርቻለሁ። በከንቱ በፈራሁ ጊዜ ግን ማንም አልሞተም። ዛሬ እርስዎ በከንቱ ቢደፍሩስ?"

"ሃምሳ ዓመት እጄን ስከት ኖሬ ይኸው አለሁ።"

"ስንት አጥንት አወጡ በሃምሳ ዓመት?"

ዶን ፌርሚን ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው አሰቡ። "ሰባት… ስምንት ይሆናል።"

"ባዶ እጅዎን ያወጡባቸውስ?"

"እነሱማ ብዙ ናቸው።"

"እነዚያ ላሞች ምን ሆኑ?"

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ላሚቱን አዩ። "ሞቱ" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሱኒልዳ ቢላቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥታ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው፤ እየጎተተች ወደ ውሃው ወሰደቻቸውና ሳሙናውን ሰጠቻቸው። እሳቸው "እንደ ሕፃን ልታጥቢኝ ነው?" እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ ውሃውን እያፈሰሰች አሥራ አምስት ደቂቃ በሰዓቷ ቆጠረች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። በመንገዱ ሁሉ የሐኪሟ መኪና ሄዳለች፣ አልደርስባትም፣ ሰውዬው ከጎረቤት ቢላ ተውሰው ላሚቱን አርደዋል ስትል ነበር። ዶክተር ኒሚያን ግን የመኪናዋን በር ከፍታ ሣጥኗን ስትጭን አገኘቻት።

ሐኪሟ አብራት መጥታ፣ ጓንቷን አጥልቃ ላሚቱን ዞራ አየች። ዶን ፌርሚን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይጠብቃሉ።

"እሺ ልጄ፣ የተማርሽ ነሽ። ምን ሆናብኝ ነው?"

"አላውቅም፣ ዶን ፌርሚን።"

እንዲህ ያለ መልስ ስላልጠበቁ ሽማግሌው ክንዳቸውን ፈቱ።

"ላምን እንዲህ የሚያስተኛ ነገር አንድ ብቻ አይደለም" አለች ሐኪሟ። "የምታኝከው የበሰበሰ አጥንት መርዝ ይይዛል፤ እሱም እግር ያሽመደምዳል፣ ምላስ ያስራል። ሣር ሲጠፋ የምትበላው መርዛም ቅጠል አለ። የሌሊት ወፍ የሚያስተላልፈው በሽታም አለ። ቆመን አይተን መለየት አንችልም፤ እርስዎም፣ እኔም። አንጎሏ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው የሚታወቀው።"

"ካላወቅሽ ለምን ታስፈራሪኛለሽ?"

"ስለማላውቅ ነዋ! መርዝ ከሆነ የሚጎዳው እሷን ነው። በሽታው ከሆነ ግን ያለው ለሃጯ ውስጥ ነው፤ ለሃጯ ደግሞ ቁስልዎን ነክቷል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከመታየቱ በፊት ከሆነ ግን ክትባቱ ያድናል። ውጤቱን ቁጭ ብለን አንጠብቅም።"

"ምልክቱ ምንድን ነው?"

"ብዙ ነው። አንዱን ልንገርዎ። ሰውየው ውሃ ይጠማዋል፤ ሊጠጣ ሲል ግን ጉሮሮው ይታነቃል። እየጠማው ውሃ ይፈራል።"

ዶን ፌርሚን አጠገባቸው ባለ የወደቀ ግንድ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሱኒልዳ አሁኑኑ የታመሙ መስሏት ተንደርድራ ቀረበች። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

"ሎሬንሶ" አሉ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"አጥንት ማውጣት ያስተማረኝ ሎሬንሶ ነው። ወንድሜ ማለት ነው። በአንድ ጥር፣ ሙቀቱ ድንጋይ ሲሰነጥቅ፣ ቴሬሬ ቀድቼ ዋንጫውን ሰጠሁት። ወረወረው። ጠምቶኛል ይላል፤ ዋንጫውን ሳቀርብለት ይንቀጠቀጣል። ተቀይሞኝ መሰለኝ፤ እኔም ተቀየምኩት። በአራተኛው ቀን ሞተ። መተት ነው አልን። አንዲት ጎረቤታችን ላይ ጣታችንን ቀሰርን። ሴትዮዋ መንደር ለቃ ሄደች።"

"ከዚያ በፊት እጁን ላም አፍ ውስጥ ከትቶ ነበር?" ብላ ጠየቀች ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ።

"አብረን ነበርን። ተራ በተራ ከተትን፤ አጥንት አላገኘንም። እሱ እጁን እሾህ ወግቶት ነበር። የእኔ እጅ…" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው አዩት፤ የማያውቁት ሰው ጣት ይመስል። "የእኔ እጅ ያን ጊዜ ደህና ነበር።"

የሰው ልጅ እንዲህ ነው። ሌላው ሲነግረው የሚከራከርበትን ነገር የገዛ ትዝታው ሲነግረው ይሰማዋል። ሱኒልዳ ስንት ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱም አላስፈለጋትም።

"ዶክተር፣" አሉ ሽማግሌው ሲነሡ፣ "መኪናሽ ሰው ትጭናለች ወይስ የላም ጭንቅላት ብቻ?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው እኔን ከፊት አስቀምጪኝ። ከላሜ በደረጃ አላንስም።"

በዚህ መካከል ጎረቤቶች ድስታቸውን እንደያዙ መድረስ ጀመሩ። ዶን ፌርሚን ሰላምታውን ትተው ከሩቅ ጮኹ፦ "ተመለሱ! የዚህች ላም ሥጋ አይበላም። ጠግባችሁ ከምትቀበሩ ተርባችሁ እደሩ። ይልቅ ድስቱን አስቀምጡና አካፋ አምጡ።" መጀመሪያ የደረሱት ሰዎች ሳቁ፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ ግን አካፋ ሊያመጡ ተመለሱ።

ሐኪሟ ላሚቱን በመርፌ ከስቃይ አሳረፈቻት። ጭንቅላቱን ራሷ በጓንት ቆርጣ በረዶ የተሞላ ሣጥን ውስጥ አሸገችው፤ ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም። ሰዎቹ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በሬሳው ላይ ኖራ ነሰነሱ። ሐኪሟ የሱኒልዳንም እጅ ገልብጣ አየችና ጭረት እንደሌለበት ነገረቻት። ሱኒልዳ "እርግጠኛ ነሽ?" ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። በዚያው ቀን ዶን ፌርሚን በጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን መርፌ ተወጉ።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። በሽታው ያ የተፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ራሱ ነበር።

ዶን ፌርሚን ከላቦራቶሪው የተላከላቸውን ወረቀት ሱኒልዳ ሁለት ጊዜ እንድታነብላቸው አደረጉ። በቀጠሮው ሁሉ እየሄዱ መርፌያቸውን ጨረሱ፤ አንዴ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው በፈረስ ሄዱ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ አጥንት አውጡልኝ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ሲመጣ፣ ያን ረጅም ክንዳቸውን ወደ ኋላ ደብቀው እንዲህ ይላሉ፦ "እጄ ጡረታ ወጥቷል። ለሃጭ ካየህ አትንካ፤ ሐኪም ጥራ። ነክተህ ከሆነ ታጠብና ወደ መርፌው ሩጥ። የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አትተው፤ ቅበረው፤ አጥንቱ ሌላ ይገድልብሃል። ከብትህንም በየዓመቱ አስከትብ። እኔ አንዲት ላም ሞታ ነው የተማርኩት፤ ሎሬንሶ ሞቶ አልተማርኩም ነበር።"

በኢታ ኩዋ ያሉ ከብቶች ሁሉ ተከተቡ። ጎረምሶቹ የሌሊት ወፎቹ የሚያድሩበትን ዋሻ እሳት አንድደን በጭስ እናፍነው ብለው ሲነሡ ሐኪሟ ከለከለቻቸው፤ ከሌሊት ወፎቹ የሚበዙት ፍሬና ትንኝ በልተው የሚያድሩ ናቸውና። ደም የሚጠጡትን ለይተው የሚያውቁ ሠራተኞች መጥተው እነዚያን ብቻ አጠፉ። በዚያ ዓመት በመንደሩ እግሯ የከዳት ላም አልታየችም፤ ወተቱም ለልጆቹ ተረፈ። ዶን ፌርሚን ደግሞ አንድ ቀን ልብሳቸውን ቀይረው በአውቶቡስ ተሳፈሩ። የዚያችን የተሰደደች ሴት ልጆች ፈልገው አገኙ፤ ምን እንደተባባሉ ግን ለማንም አልተናገሩም።

ጥጆቹ የሚያድሩበት በረት ከድሮ ጀምሮ በር አልነበረውም፤ "ከብት አየር ይፈልጋል" ይባል ነበር። ዶን ፌርሚን የሌሊት ወፍ እንዳይገባ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፈኑት፣ ሽቦ የተወጠረበት በርም ገጠሙለት። ሥራው ያለቀ ዕለት ሱኒልዳ ካሳቫዋን በቅርጫት ተሸክማ ስታልፍ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

"አበልጄ፣ ነይ እስቲ!" አሉ ከአጥር ማዶ።

ቀረበች፤ ቅርጫቷን ግን በዚህ ጊዜ አላስቀመጠችም። "ምን ልያዝልዎት?"

"ምንም አትያዢ። ቁልፉን ጎትቺልኝ። ያንቺ ፍርሃት ያልፈተሸውን ቁልፍ አላምንም።"

ጥጆቹ ውስጥ ሆነው ይተነፍሳሉ። ዶን ፌርሚን በሩን ገፍተው ገጠሙትና ቆለፉት። ሱኒልዳ ቁልፉን በአንድ እጇ ይዛ ጎተተችው፤ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ አልጎተተችውም።